መዝገቡ «የለም» ሲላችሁ፦ የካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ ፍለጋ ችግርና መፍትሄ

ለዜግነት የሚያመለክት ሰው የድሮ ክሱ እንዴት እንዳለቀ ማሳየት አለበት። ፈትቶ እንደገና የሚያገባ የፍቺ ውሳኔውን ይፈልጋል። ቤት ሊከራይ የሄደ ደግሞ «በስምህ የኪራይ ክስ አለ» ተብሎ ክው ይላል። ሁሉም የፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገባል፣ ስሙን ይጽፋል፣ «ምንም አልተገኘም» ይባላል። አንዱ «ተመስገን፣ ጠፍቶልኛል» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ይደነግጣል። ሁለቱም ቸኩለዋል። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ የተፈለገው ግን ሌላ ፍርድ ቤት ውስጥ ወይም በሌላ ስም ነው።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ ሜሪላንድና ስለ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ሐበሻው በብዛት እዚያ ስላለ። ሌላ ስቴት ላላችሁ የሲስተሙ ስም ይለያል፣ ጣጣው ግን ተመሳሳይ ነው።

ምልክት፦ ስሜን ጽፌ ምንም አይመጣም

የእኛ ስም ከአሜሪካ ፎርም ጋር አይስማማም። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ «ላስት ኔም» የአያት ስም ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአባት። ፖሊስ ቲኬት ሲጽፍ የሚገለብጠው ከመንጃ ፈቃድ ነው። አከራይ ሲከስ ከኪራይ ውሉ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ላይ በሁለት ስም ቢገኝ አይገርምም።

ተስፋዬ ገብረማርያም ኃይሉ የሚባል ሰው አለ እንበል። የመጨረሻ ስሙ «ኃይሉ» ተብሎ ሊገባ ይችላል። «ገብረማርያም» ተብሎም ሊገባ ይችላል። ክለርኩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ) ስሙን ለሁለት ከፍሎት «ገብረ» የመሀል ስም፣ «ማርያም» ብቻ የመጨረሻ ስም የሆነበት ጊዜም አለ። በዚህ ላይ የላቲን ፊደሉ ጣጣ ይጨመራል። ኃይሉ በ«አይ» ነው በ«ዋይ»? ታደሰ አንድ «ኤስ» ነው ሁለት? ፀሐይ በ«ቲ ኤስ» ነው በ«ቲ ዜድ»? ቀ ያለበት ስም በ«ኬ» ነው በ«ኪው»? ድሮ በአንዱ የጻፈ ሰው ዛሬ በሌላው እየጻፈ ይሆናል። ቪዛው ላይ አንድ ስም ብቻ የነበረው ደግሞ የመጀመሪያ ስሙ ቦታ ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ተቀምጠው ሊያገኛቸው ይችላል። «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው። በእነዚህ ፊደላትም ፈልጉ።

መፍትሄው ሙሉ ስም ይዞ አለመሄድ ነው። የማይቀያየሩትን የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ ጽፋችሁ ቀሪውን ለሲስተሙ ተዉት። አንዳንዱ ሲስተም ከፊደላቱ ቀጥሎ የፐርሰንት ምልክት፣ አንዳንዱ ኮከብ ምልክት ይቀበላል፤ የገጹ እርዳታ ክፍል የትኛውን እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ስም ከመጣ በካውንቲና በዓመት አጥቡት። የቨርጂኒያው ሲስተም የመጨረሻ ስም፣ ኮማ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ስም ብላችሁ እንድትጽፉ ይፈልጋል፤ ኮማዋን አትርሱ። ሌላም ወጥመድ አለው። የጄነራል ዲስትሪክት ኮርቱ (የቨርጂኒያ የታችኛው ደረጃ ፍርድ ቤት) ፍለጋ ትራፊክና ወንጀል በአንድ በኩል፣ ፍትሐ ብሔር በሌላ በኩል ነው። የኪራይ ክስ ትራፊክ ውስጥ ገብታችሁ ስትፈልጉ ብትውሉ አይመጣም።

የተገላቢጦሹም አለ። ስማችሁ ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ የሌላ ሰው ክስ የእናንተ መስሎ ይመጣል። አድራሻውንና የትውልድ ቀኑን ሳታመሳክሩ አትመኑ። ባክግራውንድ ቼክ ላይ እንዲህ ዓይነት ስህተት ከገባ፣ ሪፖርቱን ላዘጋጀው ድርጅት በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ። በፌዴራል ሕግ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ እንደገና አጣርቶ የማረም ግዴታ አለበት።

ምልክት፦ ስሙ ትክክል ነው፣ ግን አሁንም የለም

አሁን ጥርጣሬያችሁን ወደ ፍርድ ቤቱ አዙሩ። ብዙ ሰው የሚኖርበትን ካውንቲ ይፈልጋል። የትራፊክ ቲኬት መዝገብ ግን የሚገኘው ፖሊስ ባስቆማችሁ ቦታ ነው፤ የኪራይ ክስ ደግሞ ቤቱ ባለበት።

ቨርጂኒያ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። እዚያ «ከተማ» የሚባሉት ከካውንቲ ውጭ ናቸው፤ ራሳቸውን የቻሉ 38 ከተሞች አሉ። አሌክሳንድሪያ አንዷ ናት፣ ፎልስ ቸርችም እንዲሁ። የፖስታ አድራሻ ግን ይህን ድንበር አያከብርም። ቤይሊስ ክሮስሮድስን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አድራሻው «ፎልስ ቸርች» ይላል፣ ቦታው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል፣ ነገር ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሆነም ሰፈር ሞልቷል። ስለዚህ ፖስታው ላይ ያለውን ስም ተዉትና ካርታ ላይ ድንበሩን እዩ። ቲኬቱ በእጃችሁ ካለ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ስም እላዩ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው የደረጃ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ትራፊክ፣ የኪራይ ክስ፣ ቀላል ወንጀልና እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር ያያል። ፍቺ፣ ከባድ ወንጀልና በጁሪ የሚታይ ጉዳይ ሰርኪት ኮርት ነው። ሮክቪል ላይ ሁለቱ በተለያየ ሕንፃ ናቸው፦ ሰርኪቱ 50 ሜሪላንድ አቬኑ፣ ዲስትሪክቱ 191 ኢስት ጀፈርሰን። ተራ ይዞ፣ ጠብቆ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «እዚያ ማዶ ሂድ» የሚባለው ሰው ብዙ ነው። ፌርፋክስ ላይ በአንጻሩ ሁሉም 4110 ቼይን ብሪጅ ሮድ ያለው ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ መስኮቱ ነው የሚለየው። የፌርፋክስና የአሌክሳንድሪያ ሰርኪት ኮርቶች የየራሳቸው ሲስተም ስላላቸው፣ የስቴቱ የሰርኪት ፍለጋ ላይ አጣሁት ብላችሁ አትተዉት።

ኬዝ ሰርች የሚባለው የሜሪላንድ ድረ ገጽ ዲስትሪክቱንም ሰርኪቱንም አንድ ላይ ያሳያል። በነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም። የመዝገብ ቁጥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቁ የት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። «ሲ-15-ኤፍኤም-22» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ቢኖር፣ «ሲ» ሰርኪት ኮርት ነው፣ 15 ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ «ኤፍኤም» የቤተሰብ ጉዳይ፣ 22 ክሱ የተከፈተበት ዓመት። በ«ዲ» ከጀመረ ዲስትሪክት ነው። በ«ሲ» በሚጀምር ቁጥር ላይ 16 ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። እዚህ ቅርጽ ያልገባ ቁጥር ካጋጠማችሁ ከአዲሱ ኤሌክትሮኒክ ሲስተም በፊት የተከፈተ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ በ2014 አን አረንደል ካውንቲ ተጀምሮ ባልቲሞር ከተማ የገባው በ2024 ነው።

ምልክት፦ ክሱ መሀል ላይ ተቋርጧል፣ መጨረሻው አይታይም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መዝገቡ ወደ ሌላ ፍርድ ቤት መሻገሩ ነው። ሜሪላንድ ላይ ተከሳሹ ጁሪ ከጠየቀ ጉዳዩ ከዲስትሪክት ወደ ሰርኪት ይሄዳል፣ አዲስ ቁጥርም ይሰጠዋል። ቨርጂኒያ ላይ ይግባኝ ከተባለ ሰርኪት ኮርት ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ ያየዋል። የመጨረሻው ውሳኔ ያለው ሰርኪቱ ጋ ነው። የመጀመሪያውን መዝገብ ብቻ ይዞ ኢሚግሬሽን የሚሄድ ሰው «ይሄ አላለቀም» ይባላል።

ምልክት፦ ስክሪን ላይ አይቼ ፕሪንት አደረግሁ፣ አልተቀበሉኝም

ድረ ገጹ የሚያሳየው የመዝገቡን ታሪክ ነው፦ ማን ማንን ከሰሰ፣ መቼ ተቀጠረ፣ ምን ተወሰነ። ለአብዛኛው ሰው ወረቀቶቹ ራሳቸው ከቤት አይከፈቱም። በኤሌክትሮኒክ ያሉትን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ለሕዝብ በተቀመጠው ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ትችላላችሁ።

ኢሚግሬሽን የሚፈልገው ደግሞ የፍርድ ቤቱ ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ኮፒ ነው። ክለርኩ መስኮት ሄዳችሁ የመዝገብ ቁጥሩን ስጡና «ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን እፈልጋለሁ» በሉ፤ ክሱ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ የተረጋገጠ ኮፒ ማለት ነው። ፍቺ ከሆነ የፍቺ ውሳኔውን ሰርቲፋይድ ኮፒ ጠይቁ፤ የሜሪላንድ የወሳኝ ኩነት ቢሮ ፍቺ መፈጸሙን ያረጋግጣል እንጂ ውሳኔውን አይሰጥም። የገጽና የማኅተም ክፍያ አለ። ከአንድ በላይ ማውጣት ይሻላል፣ አንዱን አስገብታችሁ ሌላው ቤት ይቀመጥ። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ በስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ። «አምሃሪክ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች፣ ማፈር አያስፈልግም።

ምልክት፦ ውሳኔው ላይ የተጻፈው አይገባኝም

«ኖሌ ፕሮሲኩዊ» ማለት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል ማለት ነው። «ስቴት ዶኬት» የገባ ክስ ግን (ይሄኛው «ስቴት» ሜሪላንድን ወይም ቨርጂኒያን ስቴት የምንልበት ቃል አይደለም) አልተዘጋም፣ ተቀምጧል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ለመቀስቀስ በቂ ምክንያት ይጠይቃል። «ፒቢጄ» ላይ ቆም በሉ። ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይመዘግብ በፕሮቤሽን ያልፋል፣ በሜሪላንድ ሕግም እንደ ጥፋተኝነት አይቆጠርም። ሰው ይሄን ይዞ «እኔ ምንም የለብኝም» ይላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የራሱ መለኪያ አለው፣ ፒቢጄን እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጥረው ይችላል። የጓደኛ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት መዝገቡን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ።

ምልክት፦ ድሮ ነበር፣ አሁን የለም

ወይ ተፍቋል፣ ወይ ጊዜው አልፎ ተወግዷል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2021 ወዲህ በነጻ መለቀቅ፣ በመሰረዝ ወይም በኖሌ ፕሮሲኩዊ ሙሉ በሙሉ ያለቁ ክሶች ከ3 ዓመት በኋላ በራሳቸው እንዲፋቁ ደንግጋለች። ቨርጂኒያ ላይ ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት የወንጀልና የትራፊክ መዝገብ የሚያቆየው በአብዛኛው 10 ዓመት ነው።

ለሥራ ፍለጋ መፋቁ እሰየው ነው። ለዜግነት ግን የኤን-400 ፎርም የተፋቀውንም የተዘጋውንም ጭምር ይጠይቃል። ስለዚህ መዝገብ ለማስፋቅ ከማመልከታችሁ በፊት ሰርቲፋይድ ኮፒ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ከተፋቀ በኋላ ክለርኩ ልስጣችሁ ቢል እንኳ የሚሰጠው የለም። አንዴ ካለፈባችሁ ክለርኩን «መዝገብ የለም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ።

ከነአካቴው ለሕዝብ የማይከፈትም አለ፦ የሕጻናት ወንጀል፣ ጉዲፈቻ፣ ቨርጂኒያ ላይ በቤተሰብ ፍርድ ቤት የሚታዩ የልጅ አሳዳጊነት ጉዳዮች። እዚህ የራሳችሁን ጉዳይ የምታገኙት ባለጉዳይ መሆናችሁን በመታወቂያ አሳይታችሁ ነው።

ምልክት፦ ካውንቲውን ሁሉ አዳረስኩ፣ የትም የለም

ያኔ ጉዳዩ የካውንቲ ላይሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ በስም አይፈለግም፤ ኤ-ነምበር የሚባለውን ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ይዛችሁ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ወይም በ1-800-898-7180 ታጣራላችሁ። የኪሳራ ክስና የፌዴራል ወንጀል ያለው ፔሰር የሚባለው ሲስተም ላይ ነው። በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፣ አንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ 30 ዶላር ካልሞላ ይቅር ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ካውንቲ የላትም፤ ሱፒርየር ኮርት ነው ያላት። የካሜራ ቲኬት ዲሲ ላይ በዲኤምቪ ያልቃል። ሜሪላንድ ላይም ክርክር ካልጠየቃችሁ ፍርድ ቤት አይደርስም።

ፖሊስ ትናንት የጻፈው ቲኬት ካልታየ ገና አልገባም ማለት ነው። ግን እስኪታይ ብላችሁ አትቀመጡ። ሜሪላንድ ላይ ለመክፈልም ለመከራከርም ያላችሁ 30 ቀን ነው።

ምልክት፦ ድረ ገጹ 29 ዶላር ምናምን አምጣ አለኝ

የፍርድ ቤት አይደለም። ጉግል ላይ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ መረጃ ሻጮች ናቸው፤ አርማቸው የመንግሥት ይመስላል፣ መረጃቸው ያረጀ ነው። አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» ወይም በስቴቱ ኦፊሴላዊ አድራሻ ካላለቀ ውጡ።

ምልክት፦ ኮፒውን አወጣሁ፣ አገር ቤት ግን አልሠራልኝም

ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ በአባል አገሮች የሚታወቅበት ውል) አባል ስላልሆነች ወረቀቱ ደረጃ በደረጃ ይረጋገጣል። የሜሪላንድ የፍቺ ውሳኔ ከሆነ መጀመሪያ የሰርኪት ኮርቱ ክለርክ፣ ቀጥሎ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዚያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። ቅደም ተከተሉን ዘላችሁ ኤምባሲ ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ኮፒውን ስታዝዙ ውጭ አገር የምትጠቀሙበት መሆኑን ለክለርኩ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ለውጭ የሚሆነው ማረጋገጫ ከተለመደው ማኅተም የተለየ ፊርማ ሊፈልግ ይችላል።