መርዝ ተጠርጥሮ ሆስፒታል ስንሮጥ ማስረጃው እንዳይጠፋ ምን እናድርግ፣ ህጉስ ምን ይላል

ይሄን ምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ምናምን ለምንኖር ሰዎች ነው። እኛ ጋ ኮንዶሚኒየሙንና የገበሬውን ማሳ ሚለየው አንድ አጥር ነው፣ የተባይ መድኃኒቱም የአረም መድኃኒቱም የነቀዝ ኪኒኑም ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ ወይ በወረቀት ተጠቅልሎ ቤት ይገባል፣ ከበረኪናው ጎን ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ህጻን ያገኘዋል፣ ወይ የከፋው ሰው ያነሳዋል፣ ሆን ብሎ ሰው ምግብ ውስጥ ሚጨምርም አይጠፋም። ከዛ ሁሉም ወደ ሆስፒታል ይሮጣል፣ የቀረው ጎረቤት ደግሞ በቅንነት ወለሉን ይወለውላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ጠርሙሱን ገንዳ ይከታል። እመኑኝ፣ ኬዙ ሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ላቦራቶሪ ያለው ማሽን የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ያልደረሰውን ነገር አይመረምርም።

ከሁሉ በፊት ሰውየው ይትረፍ። እንዲያስመልሰው ጣት አታስገቡ፣ ወተትም ዘይትም የሎሚ ውሃም አታጠጡ፣ በተለይ በረኪና ወይ ላምባ ከሆነ ሲያስመልሰው ሁለተኛ ጉዳት ነው፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ልብሱ ላይ ፈሶ ከሆነ አውልቁለትና ቆዳውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ግን በባዶ እጅ አይሁን፣ ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ ምክንያቱም ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች በቆዳ ይገባሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ከማንሳታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ሌብሉ ላይ ያለውን በሙሉ በደንብ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱ፣ በተለይ ውስጡ ያለው ኬሚካል ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና ባች ቁጥር። ከዛ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከነቀሪው ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ሃኪሙም ለህክምናው ይፈልገዋል። ያስመለሰው ነገር ካለ ትንሽ ወስዳችሁ ንጹህ ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት። ለምን ፌስታል ሳይሆን ብርጭቆ ካላችሁ፣ እንደ ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) ያለ ሚተን ነገር ከስስ ፕላስቲክ እያመለጠ ላቦራቶሪ ሲደርስ አይኖርም። የነቀዝ ኪኒንና አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደግሞ ፎስፋይድ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን ሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ራሱ ጋዙ ይገድላል፣ ስለዚ አታሽቱት፣ ውሃ አታድርጉበት፣ መስኮት ክፈቱ፣ መኪና ውስጥም መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። ቅጠል ወይ ፍሬ ከሆነ፣ ለምሳሌ አስተናግር ሚባለው በየጥጋጥጉ ሚበቅለው፣ እሱ በተቃራኒው ወረቀት ውስጥ ይሁን፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። የተበላው ምግብም ከነሳህኑ ይጠበቅ፣ ግን ለቤተሰብ ምግብ ከምታስቀምጡበት ፍሪጅ ጋር አታቀላቅሉት።

ሰውየው ሞቶ ካገኛችሁት ግን ምንም አትንኩ፣ በሩን ዝጉና ፖሊስ ጥሩ። ፎቶውም ማሸጉም የነሱ ስራ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ እውነቱን ተናገሩ። ይሄን ደጋግሜ ምለው ብዙ ቤተሰብ ሰውየው ራሱ ጠጥቶት ከሆነ "ፖሊስ ያስረዋል" ብሎ ስለሚፈራ "ምግብ ነው የተበከለው" ይላል፣ ሃኪሙም ባልሆነ መንገድ ሰዓት ያባክናል። በ1996ቱ የወንጀል ህግ ራስን ለማጥፋት የሞከረ ሰው በመሞከሩ ወንጀለኛ አይደለም። አንቀጽ 542 ሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ነው። ስለዚ ሳትፈሩ ንገሩ፣ ሲድንም ብቻውን አትተዉት፣ የአእምሮ ህክምና እንዲያገኝ እዛው ሆስፒታሉን ጠይቁ።

ደሙ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፣ በትህትና ግን ጠንከር ብላችሁ። መጀመሪያ የተቀዳው ደምና የመጀመሪያው ሽንት እንዳይደፋ፣ ለፖሊስ ምርመራ ሊፈለግ እንደሚችል ካርዱ ላይ ይጻፍ። ላቦራቶሪዎች የተረፈ ሳምፕል ለትንሽ ቀን ብቻ ነው ሚያስቀምጡት፣ ከዛ ይጣላል፣ ጉሉኮስና ደም ከተሰጠው በኋላ የተወሰደ ደም ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም። ኦርጋኖፎስፌት ሚባሉት ፀረ ተባዮች ኮሊንኤስተሬዝ ሚባለውን ኢንዛይም ነው ሚያዳክሙት፣ ደሙ በቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ትዩቡ ውስጥም ለውጡ ይቀጥላል፣ ውጤቱ ማንንም አያሳምንም። አረቄ ተጠጥቶ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ብዙ ሰው አንድ ቦታ ጠጥቶ አይኔ ደበዘዘ ካለ ሜታኖል ጠርጥሩ፣ ደሙ ሲቀዳ ቆዳው በአልኮል እንዳይጠረግ፣ ትዩቡም ፍሎራይድ ያለበት ባለ ግራጫ ክዳኑ እንዲሆን አስታውሱ። ይሄ ሁሉ ግን ህክምናውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ እንዳያዘገይ!

አሁን ህጉ። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 525 ሲባል ሁላችንም ሃሺሽ ብቻ ነው ሚመስለን፣ ግን አንቀጹ አደንዛዥ እጽንና መርዛማ ነገርን አንድ ላይ ነው የያዘው። ያለ ፈቃድ ወይ ከህግ ውጪ መርዝ ያመረተ፣ የሸጠ፣ ያከማቸ፣ ለሌላ ያቀረበ ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ፀረ ተባዩን በተመለከተ ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ 674/2002 አለ፣ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ሃይላንዱ ላይ ሌብል የለም፣ ምዝገባ ቁጥር የለም፣ ስለዚ ከየት እንደተገዛ፣ ማን እንደሸጠ፣ ስንት ብር እንደተከፈለ ሰው ሳይረሳው ጻፉት፣ በቴሌብር ከተከፈለ መልእክቱን አታጥፉት። ሆን ተብሎ ሰው ላይ የተደረገ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ነፍስ ግድያ ነው ሚሄደው፣ አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ላይ አስቀድሞ ማሰብንና የተጠቀመበትን መሳሪያና ዘዴ ያያል፣ በቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ 543 ነው። ዓቃቤ ህጉ ከነዚህ የቱን እንደሚመርጥ ሚወስነው ብዙ ጊዜ መርዙ ምን እንደሆነና እንዴት ቤት እንደገባ ነው፣ ማለትም እናንተ ያስቀመጣችሁት ጠርሙስ።

መድኃኒት ተጨምሮበት ስለሚደረገው ነገርም ላንሳ፣ ታክሲ ውስጥ ወይ ቡና ተጋብዞ ራሱን ስቶ ሚዘረፍ ሰው አለ፣ ሴት ልጅ ላይ ደግሞ ከዛ የባሰ ይደርሳል። ህጉ ላይ ውንብድና (አንቀጽ 670) በጉልበት ብቻ አይደለም፣ ሰውየው መከላከል እንዳይችል ማድረግም አለበት፣ አስገድዶ መድፈርም (620) ራሷን እንድትስት ወይ መከላከል እንዳትችል አድርጎ ከሆነ ያው ነው። ይሄን ሚያስረዳው ሽንት ነው፣ ስለዚ ከነቃችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ውስጥ አትሽኑት፣ በንጹህ ዕቃ ያዙት፣ ሻወር ሳትወስዱ ልብስ ሳትቀይሩ ሂዱ። አንዳንዱ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፣ ነገ እሄዳለሁ ማለት የለም።

መድኃኒት በሃኪም ትዕዛዝ ምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ፣ ማዘዣውንም ያዙ። ለሚጥል በሽታ ሚሰጠው ፌኖባርቢታልም ዲያዜፓምም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ወገን ናቸው፣ በማዘዣ መያዝ ወንጀል አይደለም፣ ያለ ማዘዣ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ የወሰደ ሰው ሽንቱ ላይ ሞርፊን ይወጣል፣ ጉበት ነው ሚቀይረው፣ ስለዚ በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ወዲያው ሚነበብ መመርመሪያ) ፖዘቲቭ ወጣ ተብሎ ሰው ላይ መፍረድ ልክ አይደለም፣ ስትሪፕ ይጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፣ ማረጋገጫው ጂሲ ኤምኤስን (ኬሚካሎችን ለያይቶ ምንነታቸውን ሚያሳይ የላቦራቶሪ መሳሪያ) በመሰለ ማሽን ነው። ስለ ጫትም ሁሌ ይጠየቃል፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የተመድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው፣ ቅጠሉ ግን እኛ አገር ህጋዊ ነው።

የትኛው ፖሊስ ጋ ልሂድ ሚለው እኛ ዳር ያለነውን ሁሌ ያስቸግራል፣ አንዱ መንገድ አዲስ አበባ ነው ማዶው ሸገር ከተማ ኦሮሚያ ነው። የወንጀል ህጉ በሁለቱም ጋ አንድ ነው፣ መዝገቡ ሚከፈተው ግን ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ነው፣ ስለዚ ስታመለክቱ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ቀበሌ ወይ ወረዳ በትክክል አስጽፉ፣ ቃላችሁ ሲነበብላችሁ ሰምታችሁ ፈርሙ። የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ።

ጠርሙሱን ስታስረክቡ ፖስታው ወይ ካርቶኑ ፊታችሁ ይታሸግ፣ ፊርማው ግማሹ ወረቀቱ ላይ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ማሸጊያው ላይ ተፈራረሙበት፣ የተቀበለው ፖሊስ ስም፣ ማዕረግ፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። እዚህ ጋ ሰዓቱን "3፡00" ብላችሁ አትተዉት! ከጠዋቱ ነው ከምሽቱ፣ በኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጁ፣ ሆስፒታሉ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ይጽፋል ፖሊስ በኛ፣ ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ ይችን የ6 ሰዓት ልዩነት ይዞ ማስረጃው ተቀይሯል ይላል። ቀኑም ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. በግልጽ ይጻፍ። ከተጠርጣሪ ደም ሚወሰድ ከሆነ እሱ የናንተ ስራ አይደለም፣ በ1954ቱ የወንጀል ስነ ስርዓት ህግ አንቀጽ 34 መርማሪው ሃኪም አዝዞ ሚያስደርገው ነው።

ሰው ሞቶ ጥርጣሬ ካለ ከቀብር በፊት ተናገሩ፣ ዕድሩ ድንኳን ቢጥልም፣ ሽማግሌ "አስከሬን አይጉላላ" ቢልም። አዲስ አበባ ውስጥ የአስከሬን ምርመራ ሲባል ምኒልክና ጳውሎስ ሆስፒታል ናቸው ሚነሱት፣ በፖሊስ ደብዳቤ ነው ሚኬደው። ከውጭ አገር ዘመድ እስኪመጣ ተብሎ አስከሬኑ መድኃኒት እንዲወጋ ግን ከምርመራው በፊት በፍጹም አትፍቀዱ፣ ማቆያው ራሱ ብዙ ጊዜ ሜታኖል አለበት፣ የአልኮሉን ምርመራ ሙሉ በሙሉ ያበላሸዋል።

ውጤቱ ለቤተሰብ ሳይሆን ለመርማሪው ነው ሚላከው፣ በመዝገብ ቁጥራችሁ ተከታተሉ። "መርዝ አልተገኘም" ሚል ከመጣ መርዝ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፣ የትኛው ሳምፕል ተላከ፣ ለየትኞቹ ኬሚካሎች ተመረመረ፣ ሳምፕሉ ከመቼ እስከ መቼ የት ቆየ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፎስፊን ለምሳሌ ወዲያው ስለሚተን ካልታሰበበት አይገኝም። መልሱ ካላረካችሁ ዓቃቤ ህጉ ባለሙያው ራሱ ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳ እንዲጠራው በጽሁፍ ጠይቁ። ሻጩን በተመለከተ ደግሞ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሸጦ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፣ የፀረ ተባይ ሱቅ ከሆነ ያካባቢያችሁ ግብርና ጽህፈት ቤት፣ ሁለቱም ጋ ከፖሊሱ ጎን ለጎን ማመልከት ትችላላችሁ።