በስብዕና መጠይቅ ላይ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ ሲቃረብ የስብዕና መጠይቆች በቴሌግራም መዘዋወራቸው አይቀርም። በጥቂት ደቂቃ ተሞልቶ የስብዕና ዓይነትን የሚጠቁም አራት ፊደል ይወጣል፤ ከዚያ «ኢንትሮቨርት (ዝምተኛ፣ ብቸኝነት የሚስማማው) ስለሆንኩ ሕግ አይሆነኝም» ይባላል። የዓመታት ትምህርት በዚህ መወሰን የለበትም።

ትልቁ ስህተት ፊደሉን ይዞ የተገኘውን ነጥብ መተው ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ ስብዕና ዓይነቶች ባሳተመው መጽሐፍ ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርትን (ተጫዋች፣ ከሰው ጋር መሆን የሚወደውን) ቢለይም፣ ፍጹም የአንዱ ወገን የሆነ ሰው የለም የሚል እምነት ነበረው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ግን ሐሳቡን ማየርስ-ብሪግስ ወደሚባለው ባለ አራት ፊደል መጠይቅ ቀይረው 16 ዓይነት አወጡ። የአብዛኛው ሰው ነጥብ መሐል አካባቢ ስለሚያርፍ አንድ ሁለት መልስ ሲቀየር ፊደሉም ይቀየራል። ከሳምንታት በኋላ ደግመው የሚሞሉ ብዙ ሰዎች ሌላ ዓይነት የሚወጣላቸው በዚህ ነው። ስለዚህ ከመሐል ምን ያህል እንደራቃችሁ እዩ።

ነጥቡን ራሳችሁ የምትደምሩ ከሆነ የተገለበጡ ጥያቄዎችን፣ ማለትም የሚለካውን ባሕርይ ተቃራኒ የሚጠይቁትን፣ አትርሱ። አምስት የስብዕና ባሕርያትን የሚለካው ባለ 44 ጥያቄው የቢግ ፋይቭ መጠይቅ ተግባቢነትን (ኤክስትሮቨርትነትን) ከ1 እስከ 5 በሚመለሱ 8 ጥያቄዎች ይለካል፤ ከእነዚህ 3ቱ «ዝምተኛ ነኝ» እንደሚለው የተገለበጡ ናቸው። የእነሱን መልስ ከ6 ቀንሱ፤ 5 ያለው 1 ይሆናል። ከዚያ ስምንቱን ደምራችሁ ለ8 አካፍሉ። ይህ ከተዘለለ እጅግ ተጫዋች የሆነው ሰው 5 ማግኘት ሲገባው 3.5፣ እጅግ ዝምተኛው ደግሞ 1 ሲገባው 2.5 ያገኛል፤ ሁሉም ወደ መሐል ይሰበሰባል።

አሞላሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታላላቆች ፊት ዝም ማለት ጨዋነት እንጂ ዓይን አፋርነት አይደለም። «ብዙ አወራለሁ?» ሲባል ከእኩዮቻችሁ ጋር ስትሆኑ ያለውን አስቡ፤ መሆን የምትመኙትንም አትጻፉ። መጠይቁን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ የሚተረጉም ደግሞ ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ እንዲተረጉምለት ያድርግ፤ ትርጉሙ የተዛባው ጥያቄ ያኔ ይታያል።

«ልክ እኔን ነው የገለጸው» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርትራም ፎረር በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ለ39 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ «የግልህ ውጤት» ብሎ ሰጥቷቸው፣ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ውጤታችሁን ስታነቡ ለጓደኛችሁም የሚሠራውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ።

በመጠይቁ ሠራተኛ መቅጠርም ስህተት ነው፤ የማየርስ-ብሪግስ አሳታሚዎች ራሳቸው ለዚህ አይሆንም ይላሉ። ትምህርት ክፍል ለመምረጥ ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ የኮርሶቹን ዝርዝርና የፈተና ወረቀት አሳዩን በሉ፤ ከተፈቀደም አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ተከታተሉ።