አሮጌ ፒካፕ ደንገጎ ላይ ሲግልባችሁ፣ ጠዋት አልነሳ ሲላችሁ... እቃ ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት

ድሬ ላይ አሮጌ ሀይሉክስ የያዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ ከከዚራ መጋላ ስትመላለሱበት ምንም የማይል መኪና፣ ጭናችሁ ወደ ሀረር የደንገጎን ዳገት መውጣት ስትጀምሩ የግለት መለኪያው ቀስ እያለ ይነሳል፣ ከዛ ኮፋኖ ከፍቶ ዳር መቆም ነው። የኔ 3ኤል ሞተር ነው፣ 2.8 ናፍጣው፣ የምጽፈውም በሱ ላይ ያየሁትን ነው፣ ግን 2ኤልም 5ኤልም ላላችሁ አብዛኛው ያው ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ አቦ ሳታጣሩ እቃ አትቀይሩ። እኔ አንድ ጋራዥ ገና ኮፋኖ ሳይከፍት "ጓርኒሲዮን ነው" (በሞተሩና በቴስታታው መሀል ያለው ማሸጊያ) ብሎኝ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስወርጄ ስንት ብር ከፍዬ፣ በሳምንቱ እዛው ኩርባ ላይ ጋለብኝ። በኋላ አንድ የቆዩ መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው ጎማውን አሳዩኝ፣ ተሰነጣጥቋል። "ልጄ ይሄን ማን አየልህ?" አሉኝ። ማንም አላየልኝም ነበር።

ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። ላዩ ላይ 0.9 ምናምን የሚል ቁጥር አለው፣ ውሃውን በዛን ያህል ግፊት አምቆ ይይዘዋል ማለት ነው፣ በግፊት የታመቀ ውሃ ደሞ ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ግፊቱን መያዝ ካቃተው ግን ቶሎ ይፈላል፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደሞ ይብሳል። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሀረር ወደ 1,900 ገደማ፣ ሀረር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚ ክዳኑ ያረጀ መኪና ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገቱ ላይ ውሃውን ወደ ትርፍ ጠርሙሱ ይተፋል፣ ውሃ ይጎድላል፣ ከዛ ይግላል። መጀመሪያ ክዳኑን እዩ፣ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚከፈተው ደሞ፣ በጋለበት የከፈተ ሰው ፊቱን ነው የሚያቃጥለው።

ሁለተኛ ቬንትሌተሩ፣ ራዲያተሩን በንፋስ የሚያቀዘቅዘው። መሀሉ ላይ ክብ ነገር አለ፣ ውስጡ ወፍራም ዘይት አለው፣ ሲሞቅ ይይዛል ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሞተሩ በደንብ ግሎ እያለ አጥፉና ሙሉ በሙሉ መቆሙን አይታችሁ በእጅ ግፉት፣ ከበድ ብሎ ቶሎ መቆም አለበት። ብዙ ዙር እየተሽከረከረ ከሄደ ዘይቱ አልቋል። የዚህ ምልክቱ ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትነዱ ደህና ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ ጭነት ይዛችሁ ስትጎተቱ ይግላል። ቺንጋውንም (ቀበቶውን) አብራችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ከላላ የውሃ ፖምፓውም በደንብ አይዞርም።

ሶስተኛው የኛው የድሬ ጉዳይ ነው፣ ውሃው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሰራው ውሃ ራዲያተር ውስጥም ያንኑ ነው የሚሰራው፣ በዓመታት ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናቸዋል። ሞተሩን አሙቃችሁ ካጠፋችሁ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፣ ዙሪያው ሙቅ ሆኖ የሆነ ቦታ ላይ ቀዝቃዛ ካገኛችሁ እዛ ጋር ውሃ አያልፍም። ይሄ መታጠብ ወይ መቀየር ነው። ከታጠበ በኋላ የቧንቧ ውሃ አትመልሱበት፣ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉበት፣ ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው) ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። "ድሬ ሞቃት ነው አውጥተህ ጣለው" ይላሉ። አይጣልም! ከስሩ ሁለተኛ መዝጊያ ያለው አይነት ከሆነ ስታወጡት ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተር ይገባል፣ ጭራሽ ይብሳል። ሀረር ብርድ ላይ ደሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል። ከጠረጠራችሁት አውጡትና ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ቀቅሉት፣ ላዩ ላይ የተጻፈ ዲግሪ አለ ብዙ ጊዜ 82 ወይ 88፣ እዛ አካባቢ መከፈት ከጀመረ ደህና ነው።

ጓርኒሲዮን የምትጠረጥሩት ይሄን ሁሉ አይታችሁ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ክዳኑን ክፈቱና አስነሱ፣ ውሃው ውስጥ ሳይቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይ ክዳኑን ዘግታችሁ ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ወይ ዘይቱ እንደ ሻይ በወተት ከነጣ፣ አዎ ያኔ ቴስታታው ይውረድ።

መንገድ ላይ መለኪያው ሲነሳ ደሞ ወዲያው አታጥፉት፣ ዳር ይዛችሁ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልወረደ፣ ወይ ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል።

ጠዋት አለመነሳት፣ በተለይ ሀረር ያደረ መኪና። እዚ ላይ ጭሱን እዩ። ቁልፍ ይዛችሁ ስታዞሩ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ እየገባ ነው ግን አልነደደም፣ ካንዴሊቲዎቹን (ሞተሩ ሳይነሳ ውስጡን የሚያሞቁትን) ፈትሹ፣ አንዱ ሁለቱ ሞተው ነው የሚገኙት። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ጫኑት፣ በየጊዜው የሚላላ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ የቱቦ መጋጠሚያዎቹን እዩ። ከፊልትሮው ስርም ውሃውን አውርዱ።

ሞተሪኖው (ሞተር የሚያስነሳው) ዝም ብሎ "ጠቅ" ብቻ ካለ መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፣ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሽ ነው፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላውን) እዩ። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጠቅ ጠቅ ካለ ግን በነዚህ ቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ቁራጮች ተበልተው ነው። እነሱ ብቻ ይቀየራሉ፣ ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ ያላችሁን ሰው አትስሙ።

ፍሬን ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም የወጣነው ደንገጎ መውረድም አለበት። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ስትረግጡ ከፍ የሚል ከሆነ የኋላው የፍሬን ሸራ ርቋል ወይ አየር አለ። ረግጣችሁ ይዛችሁት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ ግን ዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ በዛ መኪና ከከተማ አትውጡ፣ ቀብድ ብትበሉም አትውጡ። የኋላ ጎማ ውስጥ በኩል እርጥበት ካያችሁ ታምቡሩ (ሸራውን የሸፈነው ክብ ብረት) ይከፈት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፣ ስለዚ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ናፍጣ ልቆጥብ ብላችሁ በፎሌ (ያለ ማርሽ) እንዳትለቁት፣ በጭራሽ።

አሁን የገዛችሁት መኪና ከሆነ ደሞ የሞተሩ የጥርስ ቺንጋ (ታይሚንግ) መቼ እንደተቀየረ ሻጩን ጠይቁ። በነዚህ ሞተሮች በ100,000 ኪሎሜትር ነው የሚቀየረው፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተን ይመታሉ። ሻጩ እርግጠኛ ካልሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎሜትር አትመኑ፣ ቀይሩትና ቀኑን ኮፋኖው ውስጥ ጽፋችሁ ለጥፉበት።