ከቫሪኮሲል ቀዶ ጥገና በኋላ ቫይታሚን እንዴት መውሰድ ይገባል?

ልጅ ለመውለድ ሲሉ የቫሪኮሲል ቀዶ ጥገና ያደረጉ ብዙ ወንዶች ገና ቁስላቸው ሳይሽር «የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቫይታሚኑ ስም በፊት መቼ እንደሚጀመር፣ በምን እንደሚለካና መቼ እንደሚቆም መታወቅ አለበት። ያለዚያ ጠቀመኝ ማለትም አልጠቀመኝም ማለትም አይቻልም።

1. ቀዶ ጥገናው ምን እንዳስተካከለ ይረዱ

ቫሪኮሲል በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ያሉ ደም መልሶች ተለጥጠው ደም ሲጠራቀምባቸው የሚፈጠር ችግር ነው። ከ100 ወንዶች በ15ቱ ገደማ ይገኛል፤ በመውለድ ችግር ከሚመረመሩት ወንዶች መካከል ደግሞ ቁጥሩ ወደ 40 ይጠጋል። የዘር ፍሬዎች በደንብ የሚሠሩት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ደም ሲጠራቀም ግን አካባቢው ይሞቃል፤ ሴሎችን የሚጎዱ ኦክስጅን አዘል ውህዶችም ይበዛሉ። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክ፣ ሴሌኒየም፣ ኤል-ካርኒቲንና ኮኤንዛይም ኪው 10 የሚታዘዙት ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቀዶ ጥገናው የችግሩን ምንጭ ስለሚዘጋ፣ የተሳካ ከሆነ ጉዳቱ ያለ እንክብልም እየቀነሰ ይሄዳል። ቫይታሚን አጋዥ ሊሆን ይችላል እንጂ የሕክምናው ዋና አካል አይደለም።

2. ቀኑን ይቁጠሩ

አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በዘር ማጠራቀሚያ ቱቦው ውስጥ የሚቆይበት እስከ ሁለት ሳምንት የሚደርስ ጊዜ አለ። ስለዚህ ዛሬ የሚመረመረው የዘር ፈሳሽ የሚናገረው ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ሁኔታ ነው። ቫይታሚን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ መተው፣ ወይም «ተሻለኝ» ብሎ መደሰት፣ ሁለቱም ከጊዜው የቀደመ ፍርድ ነው። በመካከል ከባድ ትኩሳት ከያዘዎትም ቀኑን ይመዝግቡ፤ ትኩሳት የስፐርምን ብዛት ለሳምንታት ሊቀንስ ስለሚችል ውጤቱን ሲያነቡ ያስፈልግዎታል።

3. መነሻዎን ያስለኩ

ከቀዶ ጥገናው በፊት የተደረገውን የዘር ፈሳሽ ምርመራ ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ማነጻጸሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ የሚንቀሳቀሱት 42 በመቶ፣ ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው ደግሞ 4 በመቶ ነው። ከዚህ በታች መሆን መካን መሆን አይደለም፤ በላይ መሆንም ለእርግዝና ዋስትና አይሰጥም።

ናሙናው የሚሰጥበት መንገድ ውጤቱን ስለሚለውጥ ችላ አይበሉት። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ፤ በሚቀጥለው ምርመራም ያንኑ የቀን ብዛት ይጠብቁ። ቅባት ወይም ተራ ኮንዶም አይጠቀሙ። ናሙናውን ቤት ውስጥ ከወሰዱ ዕቃውን ከልብስዎ ሥር ሰውነትዎ ላይ አስጠግተው ይዘው፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ላቦራቶሪ ያድርሱ። ውጤቱ በአንድ ሰው ላይ እንኳ ከሳምንት ሳምንት ስለሚዋዥቅ በአንድ ወረቀት ላይ አይደምድሙ።

4. ማስረጃውን ሳያጋንኑ ይመልከቱ

በ2020 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 2,370 ወንዶች ተሳትፈዋል። ገሚሶቹ ለ6 ወር በየቀኑ 30 ሚሊ ግራም ዚንክና 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ፣ ገሚሶቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ወሰዱ። በወለዱት ብዛት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ ቫይታሚኑን የወሰዱት ግን የሆድ ሕመም በዝቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ቫሪኮሲል የተሠራላቸው ተብለው የተመረጡ አይደሉም። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ አነስተኛ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የስፐርም እንቅስቃሴ እንደተሻሻለ ሲያሳዩ ሌሎቹ አላሳዩም።

በእኔ አመለካከት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ በመጠኑ ለተወሰነ ጊዜ መሞከር ነውር የለውም። ለልጅ የጓጓን ሰው ተስፋ መነሻ አድርጎ «በእርግጠኝነት ያስወልዳል» እያለ የሚሸጥን እንክብል ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

5. የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደ መልቲቫይታሚን 11 ሚሊ ግራም ዚንክ ይይዛል እንበል። አጠገቡ ያለው «ለወንዶች» የተባለው ጠርሙስ ደግሞ 30 ይዟል። ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው በቀን 41 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው፤ ለአዋቂ ከምግብ ጋር ተደምሮ መታለፍ የሌለበት መጠን ደግሞ 40 ነው። ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ሰውነት መዳብ እንዲያጥረው ያደርጋል፤ ይህም ደም ማነስንና የነርቭ ጉዳትን ያስከትላል።

ጽሑፉ መጠኑን የሚገልጸው ለአንድ ፍሬ ነው ወይስ ለሁለትና ለሦስት ፍሬ? ሴሌኒየም የሚለካው በማይክሮ ግራም መሆኑንም አይርሱ፤ በቀን የሚያስፈልገው 55 ብቻ ነው፤ ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ያሰባብራል። ቫይታሚን ኢም ያለ ገደብ የሚወሰድ አይደለም። በ2011 በወጣ ሰፊ ጥናት በየቀኑ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት የወሰዱ ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ጨምሯል።

ስፐርም እንቁላልን ለመብሳት እንዲዘጋጅ ጥቂት ኦክስጅን አዘል ውህዶች ራሱ ያስፈልጉታል። ስለዚህ ሁሉንም ፀረ ኦክሲዳንት፣ ማለትም እነዚህን ውህዶች የሚቀንሱትን ንጥረ ነገሮች፣ በከፍተኛ መጠን አንድ ላይ መውሰድ የተፈለገውን ሊያበላሽ ይችላል።

6. የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ

ቫይታሚን ኢ በብዛት ሲወሰድ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከቀዶ ጥገናው በፊትና ወዲያው በኋላ፣ እንዲሁም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎት ዚንክን አብረው አይዋጡ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

ከሁሉም በላይ ቴስቶስትሮን አይውሰዱ። ወንድነትን ስለሚጨምር ዘርንም የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ግን አንጎል ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ የስፐርምን ምርት እስከ ዜሮ ሊያወርድ ይችላል። ጡንቻ ያዳብራሉ ተብለው ከሚሸጡት ዱቄቶችና እንክብሎችም አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ሆርሞን ተደብቆባቸው ተገኝተዋል።

ሲጋራ ማቆም፣ ሳውናና በጣም የሞቀ የገንዳ መታጠቢያ መተው፣ ላፕቶፕን ጭን ላይ አለማስቀመጥ ወጪ የላቸውም፤ ቫይታሚኑን ከመጀመርዎ በፊት ይጀምሯቸው።

7. በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይለኩ

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም በስድስተኛው ወር ምርመራውን ይድገሙ። ከተሠራላቸው ወንዶች በአብዛኞቹ የዘር ፈሳሽ ውጤት ይሻሻላል፤ መሻሻሉም በአብዛኛው የሚታየው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። በ6 ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ቫይታሚኑን መቀያየር መፍትሔ አይሆንም። ቫሪኮሲሉ ተመልሶ እንደሆነ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ፤ የሆርሞን ምርመራም ይታከል።

ባለቤትዎ 35 ዓመት ካለፋቸው ደግሞ ስድስቱን ወር ሙሉ ዝም ብለው አይጠብቁ። እሳቸውም ከአሁኑ ይመርመሩ፤ በላቦራቶሪ ስለሚደረግ ፅንስም ከሐኪሙ ጋር በዚያው ሰሞን ይነጋገሩ።