አንገት ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ቫይረስ ነው ወይስ ሊምፎማ (የንፍፊት እጢ ካንሰር)?

ንፍፊት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ግን "ብርድ ነው" ብሎ ወራት መጠበቅም አያዋጣም። መጀመሪያ ጊዜውን ያዙ፤ ኢቢቪ የሚባለው ቫይረስ ጉሮሮ ያሳምማል ያተኩሳል አንገት ያሳብጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሻላል፣ ድካሙ ነው የሚቆየው። ከ4 ሳምንት በላይ ካልቀነሰ፣ እያደገ ከሄደ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ ላብ ካለ ወይ በ6 ወር ከክብደታችሁ 10 በመቶ ከቀነሰ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ደሙ በማይክሮስኮፕ ከሚታይበት ስላይድ ጋር፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ ይታዩ። እኛ አገር ቲቢ ሳይታይ ስለ ሊምፎማ ማውራት ይከብዳል፣ ንፍፊቱም ላቡም ክብደት መቀነሱም አንድ ነው የሚመስለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ኢቢቪ ፖዘቲቭ" የሚል ወረቀት ሲያይ ነው። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ፖዘቲቭ ማለት ድሮ ይዟችሁ ነበር ማለት ነው፣ አዋቂ ሁሉ ማለት ይቻላል አለው፤ የአሁኑን የሚጠቁመው አይጂኤም ነው። ደሞ ቫይረሱ ራሱ በርኪት በሚባለው እና በአንዳንድ ሆጅኪን በሚባለው የሊምፎማ ዓይነት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ቫይረሱ ተገኘ ማለት ሊምፎማ የለም ማለት አይደለም።

በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ለቲቢ ጥሩ ነው፣ ሊምፎማ ከተጠረጠረ ግን እጢው ሙሉውን ወጥቶ ባዮፕሲ (በማይክሮስኮፕ ምርመራ) ቢሰራ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሀኪሙ የሴሎቹን አደራደር ማየት አለበት፤ ሞኖ (ኢቢቪ የሚያመጣው ያ የጉሮሮና የአንገት ህመም) ራሱ በማይክሮስኮፕ ሆጅኪን ሊመስል ይችላል፣ እሱን የሚለየው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው የሴሎቹን ዓይነት በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከዛ በፊት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትውጡ በናታችሁ፣ እብጠቱን ቀንሶ ውጤቱን ያበላሻል።

ቸርችል ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሪፈር ከተባላችሁ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ስላይዱንና ብሎኩንም (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ከመጀመሪያው ላብራቶሪ ተቀብላችሁ ያዙ።