የአንጎልን ደቃቅ የደም ሥር ያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑን ማረጋገጫ መንገድ

የአንጎል ደቃቅ ደም ወሳጅ ሥር መስፋቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ መሆኑን ማሳየት ነው፤ ፕሮስታግላንዲንና ፖታሲየምም ያንኑ ያደርጋሉና። የሚከተለው አሠራር ከአይጥ አንጎል የወጣን ሥር ሁለቱንም ጫፍ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ላይ አስሮ ለሚያጠና ሰው የተዘጋጀ ነው።

በሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ህዋሳት ካልሲየም ሲጨምር የሚነቃው ኢንዛይም አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድና ከኦክስጅን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ጋዙ ወደ ለስላሳው ጡንቻ ሰርጎ ጓኒሌት ሳይክሌዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ያነቃል፤ ይህ የሚሠራው መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ፣ ይበዛል፣ የጡንቻው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻውም ይላላል። የነርቭ ህዋሳትም ጋዙን ስለሚያመርቱ፣ ሥሩን ነጥሎ ማውጣት ይህን ሁለተኛ ምንጭ በአብዛኛው ያስወግዳል።

በሚታሰርበት ጊዜ የአየር አረፋ በሥሩ ውስጥ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያሻል፤ አረፋ የውስጡን ሽፋን ይገፍፋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት፣ ሽፋኑ የተፋቀ ደም ወሳጅ ጤነኛ ሥርን የሚያላላው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ቢሰጠውም አይላላም። ከዚያም ሥሩን 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚነፋበት፣ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የጨው ውህድ ውስጥ አኑሮ፣ በ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት በራሱ እስኪኮማተር መጠበቅ ያስፈልጋል። ያልተኮማተረ ሥር ሊሰፋ የሚችልበት ስፋት ስለማይቀረው፣ ቢተዉት ይሻላል።

ሊመረመር የታሰበው ቀስቃሽ (ሥሩን ያሰፋል የተባለው ነገር) ተጨምሮ ስፋቱ ከተለካና ሥሩ ከታጠበ በኋላ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግደው ኤል-ኔም የተባለ ኬሚካል በ100 ማይክሮሞላር መጠን ይጨመርና ቀስቃሹ ይደገማል። ኤል-ኔም ብቻውን ሥሩን ካጠበበው፣ ጋዙ ያለ ቀስቃሽም ሲመረት ነበር ማለት ነው፤ በመሆኑም ሁለቱ መለኪያዎች የተነሡበት ስፋት እኩል አለመሆኑ በስሌቱ ሊታሰብ ይገባል።

የቀስቃሹ ውጤት ቢጠፋም ወዲያው መደምደም ችኮላ ነው፤ ጡንቻው ራሱ ደክሞ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ጋዙን ከውጭ የሚሰጠው ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ፣ ብርሃን ስለሚያበላሸው በፎይል ተሸፍኖ የቆየ፣ በዚያው ሥር ላይ ይሞከራል። ሥሩ ከሰፋ ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ካልሰፋ ግን የዚያን ሥር ውጤት መጣል ነው።

በመጨረሻ ካልሲየም የሌለበት ውህድ ተተክቶ የሥሩ ከፍተኛ ስፋት ይለካል። ይህ 60 ማይክሮሜትር፣ ሥሩ ተኮማትሮ የነበረበት ደግሞ 42 ከሆነ፣ ልዩነቱ ለ60 ተካፍሎ ኩምትርያው 30 በመቶ ይሆናል፤ የመስፋቱም መጠን ከእነዚያ 18 ማይክሮሜትሮች ስንት እጁ እንደተመለሰ ተደርጎ ይጻፋል።