የኮፒ ጆይስቲክን ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» ጆይስቲክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ግን ማንንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። መሣሪያው ሲሰካ የሚናገረውን የአምራች ቁጥርና የምርት ቁጥር ተቀብሎ፣ ለዚያ ቁጥር የተጻፈውን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያናግረውን ኮድ፣ ይጠራል። ብዙ ኮፒ ጆይስቲኮች የሚሰጡት ቁጥር የሶኒ፣ የማይክሮሶፍት ወይም የኒንቴንዶ ነው፤ ጠባያቸው ግን የራሳቸው ነው። ድራይቨሩ ኦሪጅናሉን በሚያናግርበት መንገድ ሲያናግራቸው ዝም ይላሉ፣ ግማሹን ይመልሳሉ፣ አለዚያም ሳይታዘዙ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ።

ማስተካከያው ብዙውን ጊዜ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከባዱ ነገር ኮፒውን ሲያክሙ ኦሪጅናሉን አለማሳመም ነው።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ

ኤልኤስዩኤስቢ የሚባለው ትእዛዝ በአጭሩ ሲጠራ ቁጥሩንና ከመረጃ ቋት ያገኘውን ስም ብቻ ያሳያል። 054ሲ:0268 ካለ «የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ነው» ይልዎታል፤ ምንም አላረጋገጠም። ትእዛዙን በዝርዝር አማራጩ ያስኪዱትና መሣሪያው ራሱ የሚናገረውን የአምራች ስም፣ የምርት ስም፣ የመሣሪያውን የሥሪት ቁጥር፣ የኢንተርፌሶቹን (ለከርነሉ የሚከፍታቸውን መገናኛዎች) ብዛትና የሪፖርት ዲስክሪፕተሩን (መልእክቶቹ እንዴት እንደተዋቀሩ የሚገልጸውን መረጃ) ርዝመት ይመዝግቡ። ከተቻለ ኦሪጅናሉንም ሰክተው ጎን ለጎን ያስተያዩ። ልዩነቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስሙን ሲመዘግቡ ፊደል እንዳያርሙ። ሻንዋን የተባሉት የፕሌይስቴሽን 3 ኮፒዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አንደኛው ዓይነት ስሙን ሲናገር «ጌምፓድ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የ«ም» ፊደል መቀመጥ ባለበት ቦታ ወደ ኋላ ያጋደለች ጭረት ያስቀምጣል። የፋብሪካ ስህተት ነው። የሶኒ ጆይስቲኮችን በሚያስተናግደው ኤችአይዲ-ሶኒ ድራይቨር ውስጥም ስሙ ከነጭረቷ ተጽፎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ድራይቨሩ ስም የሚያመሳስለው ፊደል በፊደል ነው። «ተሳስቷል» ብሎ ያረመው ሰው መሣሪያውን አያገኘውም።

ለአንዱ ኮፒ የሚሆነውን ለሁሉም ማዘዝ

እዚያው ኤችአይዲ-ሶኒ ላይ እንቆይ። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ በዩኤስቢ ሲሰካ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ መቀስቀስ አለበት። ድራይቨሩ መጀመሪያ ኤፍ2 የተባለውን ሪፖርት (ከመሣሪያው ጋር የሚለዋወጡት የመልእክት ዓይነት) 17 ባይት አድርጎ ያነባል፤ ለኦሪጅናሉ ይህ ይበቃል። ጋሲያ ለተባለው ኮፒ ግን አይበቃም። እሱ እንዲነቃ ኤፍ5 የተባለው ሪፖርት ጭምር መነበብ አለበት፤ ከዚያም በሦስተኛ ደረጃ ከዩኤስቢ የመላኪያ መንገዶች አንዱ በሆነው በኢንተረፕት በኩል መልእክት መላክ ያስፈልጋል። ችግሩ ይህ ሦስተኛ ደረጃ ሻንዋኑ ላይ ሲደርስ ነው፦ ሞተሩ ይነሳና ገመዱ እስኪነቀል ድረስ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

አንዱ ያለ መልእክቱ አይነቃም፣ ሌላው በመልእክቱ ያብዳል፤ ሁለቱም የሚያሳዩት ግን ያንኑ የሶኒ ቁጥር ነው። በቁጥር ብቻ የሚለይ ፓች (ለኮዱ የተዘጋጀ ማስተካከያ) አንዱን አድኖ ሌላውን ይገድላል። ከርነሉ ውስጥ ያለው መፍትሔ በስሙ የሚለይ ልዩ ምልክት ነው፦ ስሙ ሻንዋን ከሆነ ሦስተኛው ደረጃ ይዘለላል። የንዝረትና የመብራት ትእዛዝም ለሻንዋን በኢንተረፕት መንገድ ይላካል፤ ለኦሪጅናሉ እንደ ድሮው በኮንትሮል መንገድ ይሄዳል።

እርስዎም ልዩ ምልክት ሲጨምሩ መለያውን በተቻለ መጠን ያጥብቡት። ቁጥር ብቻ ካልበቃ ስም ይጨምሩ፤ ስሙም ከኦሪጅናሉ የተቀዳ ከሆነ የሥሪት ቁጥሩን ወይም የዲስክሪፕተሩን ርዝመት ይመልከቱ።

አንድ ጥያቄ ስላልተመለሰ መሣሪያውን ማባረር

ኤችአይዲ-ፕሌይስቴሽን ድራይቨር የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በዩኤስቢ ሲሰካ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የብሉቱዝ አድራሻውን (16 ባይት)፣ የፈርምዌር (በውስጡ ያለው ፕሮግራም) ሥሪቱን (49 ባይት) እና የጋይሮስኮፕና የአክሰለሮሜትር (የእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ) ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም የልኬት ማስተካከያ ቁጥሮቹን (37 ባይት)። ብዙ ኮፒዎች ፈርምዌሩን ሲጠየቁ ስህተት ይመልሳሉ። ካሊብሬሽኑንም ወይ አይሰጡም፣ ወይ ዜሮ የሞላበት ይሰጣሉ። ድራይቨሩ አንዱ ጥያቄ ሲከሽፍ ሁሉንም ትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ ቁልፎቹ ፍጹም የሚሠሩ ጆይስቲክ ለአንድ የሥሪት ቁጥር ሲባል ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

በ2024 የገቡ ማስተካከያዎች ይህንን ቀይረዋል፦ ፈርምዌሩ ወይም ካሊብሬሽኑ ካልተገኘ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ሥራው ይቀጥላል። ካሊብሬሽኑ የማይረባ ከሆነ ለዚያ አቅጣጫ የተለመደው መጠን ይተካል። ማንኛውንም ድራይቨር ሲያስተካክሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይህን ይመርምሩ፦ መልሱ ባይመጣ ቁልፍና ስቲክ ማንበብ ይቻላል? የሚቻል ከሆነ ስህተቱ ማስጠንቀቂያ እንጂ መውጫ መሆን የለበትም።

ዜሮው የራሱ አደጋ አለው። ከመሣሪያው የመጣ ቁጥር አካፋይ የሚሆንበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ። በኤችአይዲ-ኒንቴንዶ ውስጥ በሴንሰር መልእክቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ ዜሮ ሆኖ በመምጣቱ፣ ርካሽ ጆይኮን (የኒንቴንዶ ዓይነት ጆይስቲክ) የተገናኘበት ስቲም ዴክ (በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒውተር) ሙሉ በሙሉ ወድቋል። በዜሮ ማካፈል ከርነል ውስጥ ማሽኑን ይጥላል። መድኃኒቱ አንድ ሁኔታ መፈተሽ ብቻ ነበር፦ ዜሮ ከሆነ አንድ አድርገው፣ ማስጠንቀቂያም ጻፍ።

ብሉቱዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኦሪጅናሉ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ካሊብሬሽኑ ሲነበብ ከአጭሩ የ10 ባይት ሪፖርት ወደ ሙሉው የ78 ባይት ሪፖርት ይሸጋገራል። አንዳንድ ኮፒዎች መቼም አይሸጋገሩም። አጭሩን ሪፖርት «ያልታወቀ» ብሎ የሚጥል ድራይቨር ጆይስቲኩ ተገናኝቶ ሳለ አንድ ቁልፍ እንኳ አያይለትም። አጭሩ ውስጥ ቁልፎቹና ስቲኮቹ አሉ፤ እነሱን ማንበብ ይበቃል።

ኤክስፓድ ላይ አንዱን ሰንጠረዥ ሞልቶ ሌላውን መርሳት

የኤክስቦክስ ዓይነት ጆይስቲኮችን የሚያስተናግደው ኤክስፓድ ሁለት ሰንጠረዦች አሉት። አንዱ የመሣሪያውን ስም፣ ዓይነትና ልዩ ምልክት ይይዛል። ሌላው ለከርነሉ «ይህን አምራች ወደ እኔ ላከው» የሚል ነው፤ የሚያመሳስለው የአምራቹን ቁጥርና የኢንተርፌሱን ዓይነት ነው። ባለገመዱ ኤክስቦክስ 360 ክፍል 255፣ ንዑስ ክፍል 93፣ ፕሮቶኮል 1 ይላል፤ ገመድ አልባው ፕሮቶኮል 129፤ ኤክስቦክስ ዋን ንዑስ ክፍል 71፣ ፕሮቶኮል 208።

አምራቹ አዲስ ከሆነና የመጀመሪያውን ብቻ ከሞሉ ድራይቨሩ ጭራሽ አይጠራም። ሁለተኛውን ብቻ ከሞሉ ይሠራል፤ ግን መሣሪያው የወል ስም ይሰጠዋል፣ ልዩ ምልክትም አይኖረውም። መስመሩን ሲጨምሩ የቁጥሩን ቅደም ተከተል ይጠብቁ።

የማይክሮሶፍቱን 045ኢ:028ኢ ከሚያሳዩት ኮፒዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ሰንጠረዥ አይፈታቸውም። አንድ የኮንትሮል ጥያቄ (20 ባይት ንባብ) ካልደረሳቸው ራሳቸውን አያዘጋጁም። ኤክስፓድ ይህን ጥያቄ ይልካል፤ መልሱ ባይመጣም ግድ የለውም። ስለዚህ አዲስ መስመር ከመጻፍዎ በፊት የሚሞክሩት ከርነል አዲስ መሆኑን ያረጋግጡ። ችግሩ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል።

ሪፖርት ዲስክሪፕተርን ርዝመቱን ሳይፈትሹ ማረም

0079:0006 እና 0079:0011 የሚሉት የድራጎንራይዝ ጆይስቲኮች ብዙ ርካሽ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ዲስክሪፕተራቸው የተሳሳተ ሲሆን ድራይቨሩ በትክክለኛው ይተካዋል። ስህተቱ የሚመጣው «ባይት ቁጥር 20 ላይ ይህን ጻፍ» ብሎ ዝም ሲባል ነው። ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ኮፒ አጭር ዲስክሪፕተር ይዞ ከመጣ፣ ጽሑፉ ከተመደበው ማህደረ ትውስታ ውጭ ያርፋል። በ2014 በበርካታ የኤችአይዲ (እንደ ኪቦርድ፣ ማውስና ጆይስቲክ ያሉ መሣሪያዎች) ድራይቨሮች ላይ ይኸው ጉድለት ተገኝቶ እንደ ደህንነት ችግር ተጠግኗል። ርዝመቱን ይፈትሹ፤ ከዚያም የሚለውጡት ባይት አሁን የያዘው ዋጋ የጠበቁት መሆኑን ይፈትሹ፤ ከዚያ በኋላ ይለውጡ።

ከ6.3 ጀምሮ ባሉ ከርነሎች ይህን ዓይነት እርማት ከርነሉን ሳይገነቡ፣ በሚሠራ ከርነል ላይ ትንሽ ፕሮግራም በሚጭነው በኤችአይዲ-ቢፒኤፍ መሞከር ይቻላል። ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቁልፍ ስያሜን ከርነል ውስጥ መቀያየር

ሁለት ቁልፎች በጨዋታው ውስጥ ተለዋውጠው ቢታዩ ድራይቨሩን ከመንካትዎ በፊት ከርነሉ የሚልከውን ኮድ በሚያሳየው በኢቭቴስት ይዩት። ከርነሉ የሚሰጠው ኮድ ትክክል ከሆነ ጉዳዩ የኤስዲኤል (ብዙ ጨዋታዎች ቁልፎችን የሚያነቡበት ላይብረሪ) የቁልፍ ካርታ ነው፤ እዚያ ይስተካከል። ኤክስፓድ ላይ የኤክስና የዋይ ኮዶች ከአቅጣጫ ስያሜያቸው ጋር እንደማይገጥሙ ይታወቃል፤ ግን ለዓመታት የተጻፉ ጨዋታዎች ያንን ተማምነው ስለሚሠሩ አይነካም።

በአንድ ጆይስቲክ ፈትኖ መላክ

ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ኮፒዎች አንድ ዓይነት የብሉቱዝ አድራሻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ኤችአይዲ-ፕሌይስቴሽን አድራሻው ከተደገመ ሁለተኛውን አይቀበልም፤ ሐሳቡ አንድ ጆይስቲክ በገመድና በብሉቱዝ ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው። ለተጠቃሚው ግን የሚታየው «የወንድሜ ጆይስቲክ ብቻውን ይሠራል፣ ከእኔ ጋር ሲሆን እምቢ ይላል» የሚል ነው። የከርነሉን መልእክት በዲሜሴጅ ሲያዩ የተደገመ አድራሻ የሚል መስመር ካገኙ ሌላ ቦታ አይድከሙ።

ከመላክዎ በፊት በገመድም በብሉቱዝም ይሞክሩ፤ ኮምፒውተሩን አስተኝተው ያንቁት፤ ንዝረት እየሠራ ሳለ ገመዱን ደጋግመው ይንቀሉ። ከሁሉ በላይ ኦሪጅናሉን ይሞክሩ። ኦሪጅናል ከሌለዎት በፓቹ መግለጫ ላይ እንዳልተሞከረ በግልጽ ይጻፉ፤ ያለው ሰው ይሞክርልዎታል።

ለእያንዳንዱ ችግር የተለየ ፓች ያዘጋጁ፤ የንዝረትና የካሊብሬሽን እርማት በአንድ ላይ አይታሰሩም። የፓች አጻጻፍ መፈተሻውን ቼክፓችን ያስኪዱ፣ በፓቹ ላይ የፈራሚነት ስምዎን አይርሱ፣ መግለጫው ላይም መሣሪያው ራሱ የተናገረውን ስምና የሥሪት ቁጥር እንዳለ ይለጥፉ፦ ጭረት ካለበት ከነጭረቱ።